የክረምት ዕረፍትና የምድር ሙቀት ታሪክ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ



ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ምክንያት በማድረግ በሚያሳትመው በዚህ መጽሔት ላይ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ለመጻፍ ነበር። ታሪክ በተባለ ቍጥር ወደ ልባችን የሚመጣው ይኸው ነውና። ነገር ግን ፈተናው አልቆ ሥራ ፈትተን በተቀመጥንበት ሰሞን ከመካከላችን አንዱ የጠየቀው ቀላል ጥያቄ ሐሳባችንን አስለወጠን። ጥያቄውም «ለመሆኑ ትምህርት ቤት ክረምትን ጠብቆ የሚዘጋው ለምንድን ነው?» የሚል ነበር።

መልሱን ለማግኘት ብዙ መመራመር አላስፈለገንም። በአገራችን ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ከሩቅ የሚመላለስ ተማሪ ከቤቱ ለመውጣት ይቸገራል። ከዚህም በላይ ወቅቱ የእርሻና የአረም ጊዜ ስለ ሆነ፣ የገበሬ ልጅ ለወላጆቹ እጅግ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ የትምህርቱ ዘመን ከእንቍጣጣሽ በኋላ ተጀምሮ ሰኔ ላይ ማብቃቱ ከአገሩ የዝናብ ጠባይ ጋር የተስማማ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠርም ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚህ የተነሣ ዕረፍታችንን የሰጠን ዝናቡ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይደለንም። ታዲያ ዝናቡ ልማዱን ቢለውጥ ምን ይሆናል? ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይህ ሐሳብ ነው።

ዘንድሮ የክፍል ፈተናችንን ከጨረስን በኋላ ያሉትን ቀኖች እንደ ማንኛውም ተማሪ በኳስ፣ በገበጣና በወሬ ማሳለፍ ጀምረን ነበር። ሰኔ ገብቶም ሰማዩ ይጠቍርና መልሶ ይገለጥ ጀመር። ሜዳው ደረቅ ስለ ሆነልን መጀመሪያ ደስ አለን። ደስታችንን ያቋረጠው ከገጠር የመጣው ጓደኛችን ነው። አባቱ በመጀመሪያው ዝናብ የዘሩት በቆሎ ከበቀለ በኋላ ስለ ደረቀባቸው፣ እንደገና ለመዝራት እህል መበደራቸውን ከቤቱ ሰምቶ ነበር። ታናሽ እኅቱ በመስከረም ወደ ትምህርት ቤት መመለሷ በዚሁ እህል ላይ የተመሠረተ መሆኑን በነገረን ጊዜ፣ ኳሱን ይዘን ዝም አልን። እኛ «ጥሩ ቀን» ያልነው ለእርሱ ቤት ክፉ ቀን ነበር።

በማግሥቱ አንድ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ፈልገን ከአትክልቱ ቦታ አጥር ላይ አሰርንና፣ በየማለዳው የተጠራቀመውን ውሃ በማስመሪያ እየለካን በደብተር መጻፍ ጀመርን። ጥቂት ቀን እንደ ሰነበትንም ደብተሩን ለጂኦግራፊ መምህራችን አሳይተን «ይኸው የአየር ጠባይ መለወጡን አረጋገጥን» ብንላቸው፣ ሳቅ ብለው «ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል» አሉን። ነገሩንም ሲያስረዱን፣ የአንድ ቀን ፀሐይ ክረምቱን በጋ እንደማያደርገው ሁሉ፣ የአንድ ዓመት ዝናብ መዘግየትም ብቻውን የአየር ጠባይ ለመለወጡ ማስረጃ አይሆንም፤ ሊቃውንቱ የአንድን አገር የአየር ጠባይ ለመናገር የ30 ዓመት መዝገብ ይመለከታሉ እንጂ የአንድ ሰሞን ሁኔታ አይተው አይፈርዱም አሉን። ከዚያም «ነገሩን ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ማን እንደ ጀመረውና እንዴት እንደ ታወቀ ታሪኩን ፈልጉ» ብለው ወደ ቤተ መጻሕፍት ሰደዱን።

ከዚህ በታች የምናቀርበው በዚያ ያገኘነውን ነው። ስናነብ አንድ ነገር አስደነቀን፤ ይኸውም ስለ ምድር ሙቀት የምናውቀውን ዕውቀት ካስገኙልን ሰዎች አንዳንዶቹ ነገሩን የጀመሩት ማንም ሳያዛቸው፣ ከመደበኛ ሥራቸው በተረፈ ጊዜ መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የተጻፈበት ዘመን በእኛ አቈጣጠር ሲሆን የቀረው በአውሮፓውያን ነው።)

ዝናብን መለካት አዲስ ነገር አይደለም። የእኛን የክረምት ዝናብ ለብዙ መቶ ዓመታት በጥንቃቄ ሲለኩ የኖሩት ግን ዝናቡ ሲወርድ ያላዩት ግብፃውያን ናቸው። ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ ከመቶው 85 ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሚወርድ ስለ ሆነ፣ በእኛ አገር ሐምሌና ነሐሴ የጣለው ዝናብ በእነርሱ አገር የዓመቱን ጥጋብ ወይም ረኃብ ይወስን ነበር። በካይሮ፣ ሮዳ በተባለችው ደሴት በ861 የተሠራው የውሃ መለኪያ ዓምድ ዛሬም ቆሞ ይታያል። የመንግሥቱም ግብር ውሃው በዓምዱ ላይ በደረሰበት ከፍታ ይተመን ነበር። በመጽሐፍ የምናነበው የዮሴፍና የሰባቱ የረኃብ ዓመታት ታሪክም የተነገረው በዚሁ ወንዝ ዳር ስለሚኖር ሕዝብ ነው።

በአገራችን ግን የዝናቡ መዝገብ በአብዛኛው የተቀመጠው በሰው ትዝታ ውስጥ ነው። አያቶቻችን ከአያቶቻቸው የሰሙት «ክፉ ቀን» የሚባለው ዘመን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። በ1887 ለኢጣልያ ጦር በምጽዋ በኩል ከመጡት ከብቶች ጋር «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ ገብቶ የአገሩን በሬዎች ፈጀ፤ በላዩም ዝናብ ጠፋ፤ አንበጣና ተምች ተጨመረበት። ዝናቡ ተመልሶ በመጣ ጊዜ እንኳ የሚጠመድ በሬ ስላልነበረ ሕዝቡ ሊያርስ አልቻለም። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ይኸውም ረኃብ ከዝናብ ማጣት ብቻ የማይመጣ መሆኑ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ሕዝቡ በእጁ ምን አለው፣ ማንስ ይደርስለታል የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ አብሮ ይመጣል።

አሁን ደግሞ ወደ ውጭ አገር ታሪክ እንሻገር። በ1856 በአሜሪካ አገር ዩኒስ ፉት የተባለች ሴት ቀላል ፈተና አደረገች። ሁለት የመስተዋት ቱቦዎች ወስዳ ቴርሞሜትር አስገባችባቸው፤ በአንዱ ተራውን አየር፣ በሌላው የተቃጠለ አየር ሞላችና ከፀሐይ ላይ አኖረቻቸው። የተቃጠለ አየር የምንለው እንጨት፣ ከሰልና ነዳጅ ሲነድ የሚወጣውን፣ እኛም ስንተነፍስ የምናወጣውን፣ በዛሬው አጠራር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ነው። ይህ አየር ያለበት ቱቦ ከሌላው ይልቅ ሞቀ፤ ከፀሐይ ከተወሰደም በኋላ ሙቀቱ ቶሎ አልለቀቀውም። እርሷም ከዚህ ተነሥታ፣ ምድርን የከበበው አየር እንዲህ ያለው አየር ቢበዛበት ምድር ትሞቃለች ብላ ጻፈች። ጽሑፏ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ሲቀርብ ያነበበው ግን እርሷ ሳትሆን ጆሴፍ ሄንሪ የተባለው ሊቅ ነበር። ከዚያም ሥራዋ ተረስቶ ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ በዘመናችን እንደገና ተገኘ። ይህን ስናነብ ከእኛ መካከል ሴቶቹ ልጆች «እርሷ ራሷ ብታነበው ኖሮ ይረሳ ነበርን?» ብለው ጠየቁ። መልስ አላገኘንላቸውም።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1859 ጆን ቲንዳል የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ በሎንዶን ከተማ ረቀቅ ባለ መሣሪያ ይህንኑ ነገር መረመረ። ቲንዳል የበጋ ዕረፍቱን በአልፕስ ተራራዎች ላይ በመውጣት የሚያሳልፍ ሰው ነበር፤ በ1861 ቫይስሆርን ከተባለው ተራራ ጫፍ ከባልደረቦቹ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰው እርሱ ነው። በዚያ ተራራ ላይ የሚያየው የበረዶ ክምር የቀድሞው ዘመን ከዛሬው እጅግ ይቀዘቅዝ እንደ ነበረ ያሳስበው ነበር። በምርመራውም የውሃ ተንና የተቃጠለ አየር ከምድር ወደ ላይ የሚወጣውን ሙቀት ይዘው እንደሚያስቀሩ አረጋገጠ።

ነገሩ እንዳይከብድብን መምህራችን በምናውቀው አስረዱን። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ደመና በሸፈነው ሌሊት ግን ብርዱ ይቀንሳል። ይህም ደመናው ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት እንዳይበርር እንደ ጋቢ ስለሚይዘው ነው። የተቃጠለው አየርም በዐይን የማይታይ ጋቢ ነው። ጋቢው ባይኖር ምድር በብርድ በጠፋች ነበር፤ ጋቢው ሲደራረብ ግን ሙቀቱ ያስጨንቃል።

ጋቢው ቢደረብ ሙቀቱ ምን ያህል እንደሚጨምር በቍጥር ለማወቅ የመጀመሪያውን ሒሳብ የሠራው የስዊድኑ ሊቅ ስቫንቴ አርሄኒየስ ነው። ሒሳቡን የጀመረው በ1894 በፈረንጆች የገና ዋዜማ ሲሆን፣ የማስላት መኪና በሌለበት ዘመን አንድ ዓመት ያህል በእጁ ሲያሰላ ቆየ። ውጤቱንም በ1896 በሚያዝያ ወር አሳተመ። ይህን ዘመን ባነበብን ጊዜ ሁላችንም ቀና አልን፤ የዓድዋ ድል የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ማለት በዚያው በ1896 መጋቢት መግቢያ ላይ ነውና። አባቶቻችን በዓድዋ ተራራዎች ስለ አገራቸው በተዋደቁ ማግሥት፣ በሰሜን አውሮፓ አንድ ሰው የተቃጠለው አየር በእጥፍ ቢያድግ የምድር ሙቀት በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ይላል ብሎ ጻፈ። የዛሬዎቹ ሊቃውንት በብዙ መሣሪያ መርምረው የደረሱበት ግምት ወደ 3 ዲግሪ የሚጠጋ ነው። በእጅ ለተሠራ ሒሳብ ይህ ታላቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ አርሄኒየስ አልፈራም። ይህ ለውጥ ብዙ መቶ፣ ምናልባትም ሺህ ዓመታት ይፈጃል ብሎ ከማሰቡም በላይ፣ ለእንደ አገሩ ላለ ብርዳማ አገር መልካም ነገር መስሎት ነበር። እኛ ግን እንዲህ ብለን አሰብን፤ ለስዊድን መልካም የሚመስለው ለአፋርና ለቦረናም መልካም ይሆን ዘንድ ማን ጠየቀ? ዕውቀት የሚገኝበት አገር አንድ፣ ጉዳቱ የሚደርስበት አገር ሌላ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል።

ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ ጋይ ካለንደር የተባለ እንግሊዛዊ ተነሣ። ይህ ሰው የእንፋሎት ኀይል መሐንዲስ እንጂ የአየር ጠባይ ሊቅ አልነበረም። ከሥራው በተረፈው ጊዜ በቤቱ ተቀምጦ ከልዩ ልዩ አገር የ147 ጣቢያዎችን የሙቀት መዝገብ ሰብስቦ አስተያየና፣ ምድር በ50 ዓመት ውስጥ በጥቂቱ እንደ ሞቀች በ1938 ለእንግሊዝ የአየር ሁኔታ ሊቃውንት ማኅበር አቀረበ። ምክንያቱም የሰው ልጅ የሚያነደው ከሰልና ዘይት ነው አለ። ሊቃውንቱ በጥርጣሬ ሰሙት። እርሱም ራሱ እንደ አርሄኒየስ ሙቀቱ ይጠቅማል እንጂ ይጎዳል አላለም።

የቀረውን ጥርጣሬ ያስወገደው አሜሪካዊው ቻርልስ ኪሊንግ ነው። ይህ ሰው በዱር ውስጥ ድንኳን ተክሎ ማደር ይወድ ነበር፤ ከሌሊት ተነሥቶም የአየር ናሙና ይወስድ ነበር። በመጋቢት 1958 በሃዋይ ደሴት በማውና ሎአ ተራራ ላይ፣ ከከተማና ከፋብሪካ ርቆ፣ የተቃጠለውን አየር መጠን በተከታታይ መለካት ተጀመረ። የመጀመሪያው ልኬት በሚሊዮን ውስጥ 313 ነበር። በየዓመቱ ቅጠል ሲለመልም መጠኑ ዝቅ፣ ቅጠል ሲረግፍ ከፍ ይላል፤ ምድር እንደምትተነፍስ ያህል ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ዓመት ካለፈው ከፍ እያለ ሄደ። የፋብሪካ ዘመን ከመጀመሩ በፊት 280 ያህል የነበረው ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። በ1964 ገንዘብ በማጠሩ ሥራው ጥቂት ወራት ተቋርጦ ስለ ነበር በመዝገቡ ላይ ክፍት ቦታ ይታያል። ኪሊንግ በ2005 ሲሞት ሥራውን ልጁ ራልፍ ቀጠለበት።

እነሆ ከዩኒስ ፉት እስከ ኪሊንግ 100 ዓመት አለፈ፤ ከኪሊንግ እስከ እኛ ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ። ዓለም ነገሩን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ነገር ግን የሙቀቱ አመጣጥ ዝግ ያለ ስለ ሆነ አላስደነገጠም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ውስጥ የዓመቱ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ማለቱ ተመዝግቧል። ይህ በቍጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ሰውነታችን ግን ከ37 ዲግሪ በ1.3 ቢጨምር ትኵሳት ያዘን እንላለን። ወባም የቈላ በሽታ ትባል ነበር፤ ነገር ግን በደብረ ዘይት አካባቢ ከ1993 እስከ 2005 የነበረውን የሕሙማን መዝገብ የመረመሩ ሊቃውንት፣ በሞቃት ዓመታት በሽታው ወደ ከፍተኛው ቦታ እንደሚወጣ በ2014 አስታውቀዋል። ወባ ወደ ደጋ ወጣች ማለት ደጋው እንደ ቀድሞው ደጋ አይደለም ማለት ነው።

ስለ ዝናቡ ግን በጥንቃቄ መናገር ይገባናል። የክረምታችን ዝናብ ወደ ፊት ይበዛል ወይስ ያንሳል በሚለው ነገር ሊቃውንቱ በአንድ ቃል አልተስማሙም። የተስማሙበት፣ የሞቀ አየር ብዙ የውሃ ተን የሚሸከም መሆኑ ነው፤ ለአንድ ዲግሪ ከመቶ 7 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በሚደርቅበት ጊዜ ከመሬቱና ከቡቃያው አብዝቶ ይመጥጣል፤ በሚዘንብበት ጊዜም አብዝቶ ያፈስሳል። ድርቅና ጎርፍ ከአንድ እናት ይወለዳሉ ማለት ነው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በቦረናና በሶማሌ ምድር አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሳይሰምሩ ቀርተው ከብቱ ባለቀ ጊዜ፣ ነገሩን የመረመሩ ሊቃውንት ድርቁን ያከፋው የዝናቡ ማነስ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱም እንደ ሆነ ተናግረዋል።

እንዲሁም ድርቅ ሁሉ ረኃብ፣ ረኃብም ሁሉ እልቂት እንዳልሆነ ታሪካችን ያስተምረናል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኃብ ተደብቆ በመቆየቱ ብዙ ሕዝብ አለቀ። በ1977 ዓ.ም. ጦርነትና ድርቅ ተባብረው ከዚያ የከፋ ጥፋት አደረሱ። በ2008 ዓ.ም. ግን ኤል ኒኞ በተባለው የባሕር መሞቅ ምክንያት ዝናብ ጠፍቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእህል ርዳታ ሲያስፈልገው፣ ችግሩ ከባድ ቢሆንም እንደ 1977 ዓ.ም. ያለ እልቂት አልደረሰም። ልዩነቱ በሰማዩ ሳይሆን በምድር ያለነው ሰዎች አስቀድመን በማየታችንና በመናገራችን ነው።

የዓለም መንግሥታት ነገሩን በጋራ መመርመር የጀመሩት በ1988 ነው። በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ውል ተዋዋሉ። በ2009 በኮፐንሃገን ጉባኤ ላይ የአፍሪካን ቃል ያቀረቡት የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ መለስ ዜናዊ ናቸው። በ2015 በፓሪስ ሙቀቱ ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከነበረው ከ2 ዲግሪ በጣም ዝቅ እንዲል፣ ቢቻልም ከ1.5 እንዳያልፍ ተስማሙ። ነገር ግን 2024 እስከዚያ ድረስ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ይልቅ የሞቀ ሆኖ ለዓመቱ 1.5 ዲግሪን አለፈ። አፍሪካ በሙሉ ወደ አየር የምትለቅቀው ከዓለሙ መጠን ከመቶ 4 እንኳ አይሞላም። ዕዳው የሌላ፣ ከፋዩ ግን የጓደኛችን አባት መሆናቸውን ስናስብ አዘንን፤ ተቈጣንም። በ2018 አርሄኒየስ በተወለደበት አገር በስዊድን የ15 ዓመት ተማሪ የነበረችው ግሬታ ቱንበርግ ትምህርቷን ትታ በምክር ቤቱ ደጅ ተቀመጠች። እኛ ትምህርታችንን ትተን መቀመጥ የምንወድ አይደለንም፤ ብዙዎቻችን ትምህርቱን ያገኘነው በወላጆቻችን ልፋት ነውና። ነገር ግን ቍጣዋ ገብቶናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በክረምቱ ዕረፍት ችግኝ መትከል ለአገራችን ወጣት የታወቀ ሥራ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ማስታወቁ አይዘነጋም። እኛም ተክለናል። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ አምና በትምህርት ቤታችን ጀርባ ከተከልናቸው መካከል ብዙዎቹ በየካቲት ፀሐይ ደርቀዋል። መትከል የክረምት ደስታ ነው፤ ውሃ ማጠጣትና ከፍየል መጠበቅ ግን የበጋ ድካም ነው። ፎቶግራፍ የተነሣነው በክረምቱ ነበር፤ በበጋው ማንም አልመጣም።

ሌላም ጥፋት አለብን። ስለ ጣሳችን በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ተናግረናል። ከክፍል ክፍል የኳስ ውድድር በተደረገበት ሳምንት ሁላችንም ወደ ሜዳ ወጥተን መለካቱን ረሳነው። በዚያው ሳምንት ሲጠበቅ የነበረው ዝናብ መጣ። ስንት እንደ ጣለ ግን አናውቅም፤ በደብተሩ ላይ አምስት መስመሮች ባዶ ናቸው። የኪሊንግን የ1964 ክፍት ቦታ ባነበብን ጊዜ ያፈርነው ስለዚህ ነው። የእርሱ የተቋረጠው ገንዘብ አጥቶ ነው፤ የእኛ ግን ጨዋታ ወድደን ነው። ያለፈ ዝናብ ደግሞ ተመልሶ አይለካም።

ይህን ስንል ጨዋታ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ተማሪ ያለ ዕረፍት ሊማር አይችልም። ሆኖም ከዕረፍቱ መካከል በየቀኑ ሩብ ሰዓት ለሌላ ነገር ማዋል ይቻላል። ቲንዳል ተራራ በመውጣቱ፣ ካለንደር በማታ ሒሳቡ፣ ኪሊንግ በድንኳኑ አልተጎዱም፤ ዓለም ግን ተጠቀመ። የአገራችንም የዝናብ መዝገብ እንደ ሰፊነቷ መጠን ብዙ ጣቢያ ይሻል። በየትምህርት ቤቱ አንድ መለኪያ ቢኖርና በየዓመቱ አንዱ ክፍል ለሚቀጥለው ቢያስረክብ፣ ከ30 ዓመት በኋላ መምህራችን «ይህ ማስረጃ ነው» የሚሉት መዝገብ በተገኘ ነበር። ሥራው ለአንድ ሰው ከባድ ነው፤ ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

እኛ በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን እንለያለን። ስለዚህ ደብተሩንና ጣሳውን ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አስረክበናል። መምህራችንም ከጣሳው የሚሻል መለኪያ ለማስገኘት ቃል ሰጥተዋል። ባዶዎቹን አምስት መስመሮች በግምት እንሙላቸው ያሉ ነበሩ፤ ነገር ግን ያልለካነውን ለካን ማለት ስለማይገባ እንዳሉ ትተናቸዋል። በጀርባ ላሉት ችግኞችም በበጋ የሚያጠጡ ተረኞች ስም ዝርዝር በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።

የጓደኛችን አባት ሁለተኛ የዘሩት በቅሏል ተብለናል። እኅቱ ትመለስ እንደ ሆነ ግን የሚታወቀው በመስከረም ነው። ይህን የምታነቡ ታናናሾቻችን ሆይ፣ እርሷ በክፍሏ መገኘቷን እባካችሁ አይታችሁ ጻፉልን። ዝናቡንም መለካት አትርሱ።

ለመምህሮቻችንና ለወላጆቻችን ረጅም ዕድሜና ጤና፣ ለአገራችን በጊዜው የሚወርድ ዝናብ እንመኛለን።